ሁለቱ ዘጠኝ ሰዓቶች

ለውድ እህቴ ለመሰለች ሰይፈሥላሴ
ጅቡቲ

እቴቴ፣ ሰላምታዬ ከቃሊቲ ተነስቶ በሹፌሩ በሙሀመድሁሴን ተሳቢ ላይ ይጫን፤ አዋሽን ይሻገር፤ የአፋር ፀሐይ ሳያጠወልገው፣ ጋላፊ ኬላ ላይ ፈታሽ ሳያጉላላው፣ በሰላም ደጅሽ ላይ ይራገፍ። ለመሆኑ እንዴት ከርመሻል? ጤናሽስ እንዴት ነው? ቀኑን ሙሉ ምድጃው ፊት ቆመሽ ስትውዪ የሚያብጠው እግርሽ ጎደለልሽ ወይ? በታኅሣሥ ከባሕሩ ደህና ነፋስ ይገባል ብለሽኝ ነበር፤ ዘንድሮስ ገባ? ሹፌሮቹስ ሽሮው ቀጠነ፣ በርበሬው በዛ እያሉ መነዝነዛቸውን ተዉ ወይስ አሁንም እየነዘነዙ ሁለት ሁለቴ ያስጨምራሉ? ብቻ አንቺ ደህና ሁኚልኝ እንጂ እነሱስ ይነዝንዙ።

እኛ ጋ ሁሉም በጤና ነው። አባባን ያ ሳል ለቋቸዋል። እንደ ድሮው ደጅ ወንበር አውጥተው ፀሐይ ይሞቃሉ ብዬ እንዳልጽፍልሽ ግን ሰሞኑን ተቀምጠው አያውቁም፤ ምክንያቱን ወደ ታች ስትወርጂ ትደርሺበታለሽ። ያንቺን ክፍል የተከራየው ቀጀላ፣ ያ ቂሊንጦ ፋብሪካ የሚሠራው ልጅ፣ ዛሬም በፈረቃ ይወጣል፣ በፈረቃ ይገባል። አቃቂም ያው አቃቂ ናት፤ አቧራው፣ ባጃጁ፣ የፋብሪካው ጡሩንባ። እኔ ግን፣ እውነቱን ልንገርሽ፣ ጤናዬ ደህና ሆኖ መቀመጫ አጥቻለሁ። ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ቢሮ ውስጥ ነበር፤ አልሆነልኝም። ወጥቼ ከመኪና ማቆሚያው አጥር ጥግ ድንጋይ ላይ ተቀመጥኩ፤ እሱም አልሆነልኝም። አሁን የምጽፈው የሙሀመድሁሴን ጋቢና ውስጥ ነው። እሱ ታች ሆኖ ጎማውን በመዶሻ እየመታ ይፈትሻል፤ በመታ ቁጥር ብዕሬ ይዘላል፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ የሱ ጥፋት ነው።

ስልክ እያለ ለምን ደብዳቤ ትዪኝ ይሆናል። ኢሞው ሰሞኑን እንቢ ብሏል። በተራው ስልክ ደግሞ ሁለት ጊዜ ደወልኩልሽ፤ ድምፅሽን ስሰማ የምለውን ሁሉ ትቼ ስለ እግርሽና ስለ አባባ ሳል አውርተን ዘጋሁት። ደግሞ በስልክ ቀጠሮ የኔና ያንቺን ነገር ታውቂዋለሽ። ያን ጊዜ በስምንት ሰዓት እደውላለሁ ብዬሽ፣ አንቺ በፈረንጅ ስምንት ሰዓት ማልደሽ ስልኩን ይዘሽ ስትጠብቂ አርፍደሽ፣ እኔ በእኛ ስምንት ሰዓት ምሳዬን በልቼ ተዝናንቼ ስደውል የወረደብኝን ቁጣ አልረሳውም። ከዚያ ወዲህ አይደል፣ ነገ እደውላለሁ ባልኩሽ ቁጥር ሌላው ሁሉ ይቅርና መጀመሪያ “በማን ሰዓት?” የምትዪኝ። ይህችን ጥያቄሽን እዚህ ላይ ያዢልኝ፤ የዚህ ደብዳቤ ጣጣ ሁሉ የሚዞረው በሷ ዙሪያ ነው።

እንግዲህ ወደ ነገሩ ልግባ። ባለፈው በላክሽው መልእክት የምግብ ቤቱን ቁልፍ ከገና ማግስት ለወርቅነሽ አስረክበሽ፣ ዕቃሽን ሸክፈሽ፣ ለጥምቀት አቃቂ እንደምትገቢ ነግረሽናል። እዚህ ውሳኔ ላይ ያደረስኩሽ እኔ ነኝ። ማሽኑ ሠርቷል፣ ከእንግዲህ ምድጃ ፊት መቆም ይብቃሽ፣ ነይ ያልኩሽ እኔ ነኝ። እቴቴ፣ ማሽኑ አልሠራም። ቁልፉ ከእጅሽ ከመውጣቱ በፊት ይህ ወረቀት እጅሽ እንዲገባ ነው የሰው ጋቢና ገብቼ የምጽፈው። ወርቅነሽ የቱንም ያህል ወዳጅሽ ብትሆን፣ አንድ ጊዜ ካስረከብሻት አከራዩ ውሉን በስሟ ያዞረዋል፤ ያን ቤት ከባዶ ግድግዳ ተነስተሽ ሹፌር ሁሉ በስምሽ የሚጠራው ለማድረግ ምን እንደፈጀብሽ ካንቺ በላይ የሚያውቅ የለም።

ከሥሩ ላስረዳሽ፤ በስልክ ስነግርሽ እሺ እሺ የምትዪኝ ሳይገባሽ እንደሆነ አውቅ ነበር። እኔ የምሠራበት የቡና መጋዘን ባለቤት ዑበይድ ጠዋት ከገበያ ቡና ይገዛል፣ አበጥሮ አስለቅሞ ወደ ውጭ ይልካል። የነጋዴ ጭንቀቱ አንድ ነው፤ ዛሬ ልግዛ ወይስ ነገ ይረክስ ይሆን? አባቱ ይህን በልባቸው ግምት ይወስኑ ነበር፤ አንዳንዴ ያገኙታል፣ አንዳንዴ ይስቱታል። ዑበይድ ግን ይህን ራሱ የሚወስን የኮምፒውተር ፕሮግራም ሥራልኝ አለኝ። ፕሮግራሙ የውጭ አገሩን የቡና ዋጋ ያያል፣ የእኛን ገበያ ዋጋ ያያል፣ ከዚያ ማንንም ሳያማክር ይፈርዳል። የሚያውቀው ሦስት ቃል ብቻ ነው፤ ግዛ፣ ሽጥ፣ ቆይ። እኛ ቤት ማሽኑ ማሽኑ የምንለው እሱን ነው። ፈተናውን ካለፈ ዑበይድ በሽርክና ሊያስገባኝ ቃሉን ሰጥቶኝ ነበር፤ ነይ ያልኩሽም ያን ቃል ይዤ ነው።

ፈተናው እንዲህ ነው። ያለፉትን ዓመታት ዋጋ ለማሽኑ ከመጀመሪያው ቀን ጀምረን እናስነብበዋለን። በየጠዋቱ፣ የሚቀጥለውን ሳናሳየው፣ ዛሬ ምን ታደርጋለህ እንለዋለን። እሱ አያውቅም፤ እኛ ግን ያለፈ ነገር ስለሆነ መጨረሻውን እናውቃለን። በመጨረሻም አትርፎ እንደሆነ ከስሮ እንደሆነ እናያለን። አንድ ኬሻ ቡና ሳይገዛ ባልኖረበት ዘመን እንዲነግድ ማድረግ ማለት ነው።

ችግሩ ዳታውን መጫኑ ነበር። የስምንት ዓመት ግብይት ነው፤ እያንዳንዱ ሽያጭ አንድ መስመር፣ መስመሩ ደግሞ እንደ ቃሊቲ የመኪና ሰልፍ መጨረሻ የለውም። ያ አሮጌ ኮምፒውተር ረፋድ ላይ ማንበብ ጀምሮ የሚጨርሰው ሰው ወደ ቤቱ ሲሄድ ነው። መሃል ላይ መብራት ከሄደ፣ መሄዱ ደግሞ አይቀርም፣ እንደገና ሀ ብሎ ይጀምራል። አንድ ቀን ሙሀመድሁሴን ወረቀት ሊያስፈርም ገብቶ ምን ቁጭ ብለህ ትጠብቃለህ አለኝ። ዳታ እየተጫነ ነው አልኩት። ስንት ኩንታል ነው ቢለኝ ኩንታል እንደሌለው ነገርኩት። እሱ አርባ ቶን አስጭኖ ሸራውን አልብሶ ከበር ሲወጣ የኔ ገና እንደሆነ አየና፣ ጫኞችህ ሰነፎች ናቸው፣ አባርራቸው ብሎ መከረኝ። ግቢው ሁሉ ሰማ። ከዚያ ቀን ወዲህ ጥበቃው ሳይቀር ጠዋት ሰላምታ ሲሰጠኝ “ጫንክ?” ሆነ የሚለኝ።

ቀልዱን ተይው፤ መዘግየቱ ያመጣብኝን መዘዝ አሁን ነው የማየው። በቀን አንድ ጊዜ ብቻ ነው መፈተን የምንችለው። አንድ ቀን ፈተንን፤ አተረፈ። ሌላ ቀን ጥቂት ለውጠን ፈተንን፤ አሁንም አተረፈ። ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የጠበቀ ሰው ጥሩ ነገር ሲመጣለት አገላብጦ አያየውም፤ ያቅፈዋል። ዑበይድም አቀፈው፣ እኔም አቀፍኩት።

ጫንክ የሚሉት ነገር ግን ከነከነኝ። ፕሮግራሙን በትኜ ጊዜውን የሚበላው ምን እንደሆነ ፈለግኩ። አገኘሁትም። በየመስመሩ ቀንና ሰዓት በፊደልና በቁጥር ተጽፏል፤ ማሽኑ ደግሞ ያን ወደ ራሱ ቁጥር ካልተረጎመ አይገባውም። ይህን ትርጉም ለእያንዳንዱ መስመር፣ በእያንዳንዱ ፈተና፣ ትናንት ያደረገውን ዛሬ እንደ አዲስ ያደርገው ነበር። እቴቴ፣ አንቺ ለመጣው ሹፌር ሁሉ በርበሬ አትቀነጥሺም። በወቅቱ ትቀነጥሺዋለሽ፣ ታስፈጪዋለሽ፣ በጣሳ ታስቀምጪዋለሽ፤ እንግዳ ሲመጣ ማንኪያ ብቻ ነው የሚያስፈልግሽ። የኔ ማሽን ለእያንዳንዱ እንግዳ ከዛላው ነበር የሚጀምረው። እናም እንዳንቺ አደረግኩ። ሁሉንም አንድ ጊዜ ተርጉሜ በቁጥር አስቀመጥኩት። የሻጭ ስም፣ የመጋዘን ቁጥር፣ ለፈተናው የማይረባውን ሁሉ ከውስጡ አወጣሁ፤ ሰዓትና ዋጋ ብቻ ቀረ። ዓመት ዓመቱንም በየጣሳው ለየሁት፤ የአንድ ዓመት ስፈልግ የቀረውን ክዳን አልነካም።

ከዚያ አስጀመርኩት። ውሃ ልጠጣ ብርጭቆ አንስቼ ገና ሳልጎነጭ አለቀ። ተበላሸ ብዬ ደገምኩት፤ እንደገና አለቀ። ወጥቼ ሙሀመድሁሴንን ፈልጌ፣ ተጭኖ ተራግፏል አልኩት፤ እሱም አልሐምዱሊላህ፣ ጫኞቹን ቀየርክ ማለት ነው አለኝ። ደስታ አናቴ ላይ ወጥቶ ነበር። ላንቺ ደውዬ ነይ ያልኩሽ ያን ዕለት ነው። ፈጣን መሆኑን ትክክል መሆኑ አድርጌ ወሰድኩት።

ሰው ሲቀለው ያበዛል። ድሮ ሙሉ ቀን የፈጀብኝን አሁን ባሰብኩት ቁጥር መፈተን ስለቻልኩ መቀመጥ አቃተኝ። ምሳ ትቼ እፈትናለሁ፤ ባስ ውስጥ ሆኜ አዲስ ዘዴ አስባለሁ፣ ቢሮ ስደርስ እፈትናለሁ። ሁሉም ያተርፋል። መጀመሪያ ደስ አለኝ፤ ኋላ ላይ ግን መጠርጠር ጀመርኩ። ማር ሲበዛ ይመራል ይሉ የለ። እስቲ አንተ መክሰር ትችላለህ ወይ ብዬ፣ ሆን ብዬ ጅል የሆነ ዘዴ ሠራሁለት፤ የውጭው ዋጋ ትንሽ ከፍ ካለ ዓይኑን ጨፍኖ የሚገዛ፣ ሌላ ምንም የማያስብ። እሱም አተረፈ፤ ከብልሁ በለጠ። የውጭውን ዋጋ ጨርሶ ስከለክለው ደግሞ እንደ ማንኛውም ሰው አንዴ ይወድቃል፣ አንዴ ይነሳል። መልሼ ስሰጠው ጅሉ ሁሉ ጠቢብ ይሆናል። የጉዱ ምንጭ የውጭው ዋጋ ውስጥ እንዳለ ያን ጊዜ ገባኝ።

የውጭውን ዋጋ በየቀኑ እያየች ኮምፒውተር ላይ የምታስገባው ሞሚና ናት፤ የቢሯችን ጸሐፊ፣ ያቺ ባለፈው የወሎ ማር የላከችልሽ። ጠረጴዛዋ አጠገብ ቆሜ፣ መቀመጥ ስለማልችል፣ ዋጋውን መቼ መቼ እንደምታስገባ ጠየቅኳት። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው፣ ዓሱር ልሰግድ ከመውጣቴ በፊት አለችኝ። ዓሱር? የከሰዓቱ ሶላት? አልኳት። አዎ፣ ከዓሱር በፊት፣ እዚያው ላይ ዘጠኝ ሰዓት ብዬ ጽፌበት የለ እንዴ አለች። የቱ ዘጠኝ ሰዓት ብዬ ስጠይቃት ሳቋ መጣ፤ አንተ ደግሞ፣ ዘጠኝ ሰዓት ስንት አለ አለችኝ።

ሁለት አለ፣ እቴቴ። ካንቺ በላይ ይህን ማን ያውቃል። የገበያው መዝገብ የተሠራው በፈረንጅ ሰዓት ነው፤ ዘጠኝ ሲል ጠዋት ገበያው ሲከፈት፣ በእኛ ሦስት ሰዓት ማለቱ ነው። ሞሚና ደግሞ እንደ ማንኛዋም ያገር ልጅ ዘጠኝ ስትል ከምሳ በኋላ ማለቷ ነው። ሁለቱን መዝገብ ያገጣጠምኩት እኔ ነኝ፤ ዘጠኝን አየሁ፣ ዘጠኝን አየሁ፣ ጎን ለጎን አስቀመጥኳቸው። አንድ ቀን እንኳ ሁለት ናቸው ብሎ ልቤ አልጠረጠረም፤ እኔም ዘጠኝ ሰዓት ሲሉኝ ምሳ የበላሁበትን ነው የማስበው።

ምን እንደሆነ እይልኝ እንግዲህ። ማሽኑ ጠዋት ገበያ ሲከፈት፣ ከሰዓት በኋላ የሚመጣውን የውጭ ዋጋ አስቀድሞ ያውቀዋል። ዋጋው ከሰዓት የሚጨምር ከሆነ ጠዋት ግዛ ይላል፤ የእኛ ገበያ በማግስቱ ተከትሎ ሲወጣ አተረፍኩ ይላል። መልሱን መዳፉ ላይ ጽፎ ፈተና እንደገባ ተማሪ ነው። ጎበዝ አልነበረም፤ ወሬውን ስድስት ሰዓት ቀድሞ ይሰማ ነበር እንጂ። እዚያው ሞሚና ጠረጴዛ አጠገብ ቆሜ ያንቺ ድምፅ ጆሮዬ ላይ መጣ፤ በማን ሰዓት? እኔን ስንት ጊዜ የጠየቅሽኝን እኔ ማሽኑን አንድ ቀን አልጠየቅኩትም።

የሞሚናን ዘጠኝ ወደ ቦታው መልሼ እንደገና አስጀመርኩት። ድሮ ቢሆን ክፉውን ለመስማት እስከ ማታ ፋታ ነበረኝ፤ አሁን ግን መጫኑን ራሴ አፍጥኜዋለሁና ክፉውም ዓይኔን ሳልጨፍን መጣ። ትርፉ ሁሉ ረገፈ። ከላይ እስከ ታች ስመለከት ማሽኑ ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ ይላል። ደፍሮ ግዛ ሲልም አንዴ ያገኘዋል፣ አንዴ ይስተዋል፤ ከዑበይድ አባት የልብ ግምት አይሻልም፣ አይብስም።

ለዑበይድ ነገርኩት። ተነስቶ ቡና ወደሚለቅሙት ሴቶች ወጣ፣ በመካከላቸው ተመላለሰ፣ ተመልሶ ገባ። ገበያ ላይ ከመቃጠል እዚህ መገኘቱ ይሻላል አለኝ። የሽርክናው ነገር ለጊዜው ይቆይ፣ ሥራህን ግን ቀጥል፣ ያ ፈጣን መጫኛህ ለመጋዘኑ ሂሳብም ይሆነናል አለ። ደግ ሰው ነው፤ ፊቴን እንኳ አላጠቆረብኝም። ሞሚና ግን ጥፋቱ በሷ የሚላከክ መስሏት አልቅሳ ነበር። አንቺ ሰዓቱን በትክክል ነው የጻፍሽው፣ የኔና የማሽኑ ሰዓት ነው የተለያየው ብዬ አጽናናኋት። አሁን ደንበኛ ደውሎ በሦስት ሰዓት እመጣለሁ ሲላት የጠዋቱ ነው የከሰዓቱ ብላ ታስምለዋለች።

ለዑበይድ መንገር ቀላል ነበር። የከበደኝ ቤት ነው። አባባ አንቺ ትመጣለሽ ከተባለ ጀምሮ ኖራ ገዝተው ያንቺን ክፍል እየቀቡ ነው። ቀጀላ ማንም ሳይናገረው ፍራሹን ተሸክሞ እኔ ክፍል ገባ፤ እቴቴን መሬት ልናስተኛት ነው ወይ አለ። ብሩሹን ልቀበልዎ ሲላቸው አባባ አይሰጡትም። ሌላው ደግሞ ባቡሩ ነው። አዲሱ የጅቡቲ ባቡር ሰው መጫን ሊጀምር ነው የሚል ወሬ ሰምተዋል። ያን ጊዜ አንቺን የሸኙሽ ከአሮጌው አቃቂ ጣቢያ ነበርና እዚያው ሄደው ይቆማሉ። አባባ፣ አዲሱ በዚህ አያልፍም፣ መንገዱ ሌላ ነው አልኳቸው። ሐዲድ ከሐዲድ መገናኘቱ አይቀርም ብለው መለሱልኝ። ሣር የበላው ሐዲድ ላይ ቆመው ወደ ደብረ ዘይት በኩል ሲያዩ አይቻቸው ሳልጠራቸው ተመለስኩ።

አልዋሽሽም፣ ዝም ብልስ ብዬ አስቤያለሁ። ትምጣ፣ ከመጣች በኋላ ትስማው፣ ከዚያ ወዲያ የት ትሄዳለች ብያለሁ። ናፍቀሽኛል፣ እቴቴ። እማማ ካረፈች ወዲህ እናቴ አንቺ ነሽ፤ የትምህርት ቤት ሸሚዜን እያጠብሽ ሌሊቱን በምድጃ ሙቀት ያደረቅሽልኝ አንቺ ነሽ፤ እኔ ኮምፒውተር ፊት እንድቀመጥ ብለሽ ነው አንቺ ምድጃ ፊት የቆምሽው። በአንድ ማዕድ ከበላን ስንት ጊዜያችን ነው። ግን ምን ይዤ ልቀበልሽ? ያን ሁሉ የለፋሽበትን ቤት ለቀሽ መጥተሽ፣ በዚህ ዕድሜሽ የቂሊንጦ ፋብሪካ በር ላይ ከልጆች ጋር ተሰልፈሽ ላይሽ ነው? የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች እንዲሉ ይሆንብሻል፤ ቆጡ ላይ ደግሞ ምንም አልነበረም፤ እኔ ነኝ አለ ያልኩሽ።

ሙሀመድሁሴን ጎማውን ጨርሷል። መስታወቱን እያንኳኳ አንተ ልጅ ደብዳቤ ነው መጽሐፍ የምትጽፈው ይለኛል። ዓሱር ሰግዶ ይነሳል፤ እስከዚያ ልጨርስ።

ዛሬ ጠዋት ከቤት ስወጣ ለአባባ ነገርኳቸው። ክፍልሽ ውስጥ ነበሩ፤ እስከ ክንዳቸው ድረስ በኖራ ነጥተዋል። ስለ ማሽኑ፣ ስለ ሁለቱ ዘጠኝ ሰዓቶች፣ ስለ ዑበይድ፣ ሁሉንም ዘረዘርኩ። ብሩሹን ይዘው ፊታቸውን ወደ እኔ ሳይመልሱ ሰሙኝ። ስጨርስ የጠየቁኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እሷ ታውቃለች ወይ አሉኝ። ገና ነው አልኳቸው። ንገራት እንጂ፣ ምን ትጠብቃለህ አሉና ብሩሹን ባልዲው ውስጥ ነከሩ። ትተውት ይወጣሉ ብዬ ነበር፤ ሁለተኛውን ዙር መቀባት ጀመሩ።

እቴቴ፣ ይህን ሁሉ ወረቀት የሞላሁት አንዲት ቃል ለመጻፍ እጄ እንቢ ብሎኝ ነው። ማሽኑ ታድሏል፤ ያቺን ቃል በቀን መቶ ጊዜ ሲላት ምንም አይለውም። እኔ ጠዋት ቢሮ፣ ቀጥሎ ድንጋዩ ላይ፣ አሁን እዚህ ጋቢና ውስጥ እየዞርኩ የሸሸኋት እሷን ነው። እንግዲህ ልጻፋት። ቆዪ። ቁልፉን አታስረክቢ፣ ቆዪ። እስከ መቼ እንደሆነ አላውቅም፤ ማሽኑም አያውቅም፤ ከእንግዲህ ያላየሁትን አየሁ ብዬ አልነግርሽም።

ለወርቅነሽ ከታላቅ ይቅርታ ጋር ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ በሷ ክፋት እንዳልሆነ፣ የኔ ችኮላ እንደሆነ ንገሪልኝ። ማዕድሽን ለሚቀርቡ ሹፌሮች በሙሉ ሰላም በይልኝ፤ ሽሮው እንዳልቀጠነ እኔ ምስክር ነኝ። ሙሀመድሁሴን ሲደርስ ሳያበላ አትልቀቂው፤ የመንገዱን ጫፍ እስኪያይ ድረስ በዚህ ደብዳቤ ሲያላግጥብኝ ይኖራልና አፉን ያዢልኝ። እማማ ፈለቀች ከጎረቤት፣ በጸሎቴ አልረሳትም በላት ብለዋል። ሞሚና ሰላም ትልሻለች፤ ማሩ አልቆ ከሆነ ላኪብኝ ብላለች። ቀጀላ ደግሞ እጅ ነስቷል፤ እኔ ክፍል ገብቶ ማንኮራፋቱን ግን ራሴ ነኝ የምጨምርልሽ።

የአባባን መልእክት መጨረሻ ላይ ያስቀመጥኩት ምን ማድረግ እንዳለብኝ ስላላወቅኩ ነው። ከበር ልወጣ ስል ጠርተውኝ ነበር። ቀጀላ ወደ ክፍሉ ይመለስ ወይ ብዬ ስጠይቃቸው፣ ካንተ ጋር ይተኛ አሉኝ። ከዚያ ይህን ጻፍላት አሉ፤ እንዳሉት እጽፈዋለሁ፦ ኖራው እስከ ማታ ይደርቃል፤ መስኮቱን ክፍት ትቼዋለሁ በላት።

ወንድምሽ
ነቢዩ ሰይፈሥላሴ

አዲስ አበባ፣ አቃቂ ቃሊቲ
ታኅሣሥ 11 ቀን 2010 ዓ.ም.
ዘጠኝ ሰዓት፤ በእኛ ሰዓት